ሁለት ቁጥር በአንድ ሰኔ

በሰኔ 2008 ዓ.ም. ስለ አንድ ነገር ሁለት ሪፖርት ወጣ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ 173 ሰዎች መሞታቸውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሳወቀ፤ የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃም ተመጣጣኝ ነበር አለ። ብዙም ሳይቆይ ዓለም አቀፉ የመብት ተሟጋች ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች ሟቾቹን ከ400 በላይ አደረሳቸው፤ እርምጃውንም ጭካኔ የተሞላበት ሲል ጠራው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሰው ይበልጣል። ጊንጪ፣ አምቦ ወይም ጉደር ተቀምጦ ልጁን ለቀበረ ሰው፣ ልጁ ከየትኛው ቁጥር ውስጥ እንደገባ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ የተነሳው ከማስተር ፕላኑ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የያኔው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች፣ ቡራዩንና ሆለታን ጨምሮ፣ በአንድ ዕቅድ ለማልማት መታሰቡ ሲሰማ፣ በሚያዝያ 2006 የአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ። ጥይት ተተኮሰባቸው። መንግሥት በተለያዩ ቦታዎች ቢያንስ 9 ሰዎች መሞታቸውን ሲገልጽ፣ ለቢቢሲ የተናገረ የዓይን እማኝ ግን የተገደሉት 47 ናቸው አለ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ደግሞ ጊንጪ ላይ በደንና በኳስ ሜዳ ሰበብ የተነሳው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ተዳረሰ። ጥር 3 ቀን ያኔ ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ኦሕዴድ ዕቅዱ መሰረዙን አስታወቀ፤ ተቃውሞው ግን በዚያ አልበረደም።

ዛሬ ይህን ታሪክ ሊያጠና የሚነሳ ወጣት በመጀመሪያ ጥያቄዎቹን መለየት አለበት፤ የሁሉም ምንጭ አንድ አይደለምና። ዕቅዱ ምን ይል ነበር ለሚለው ሰነዱ ራሱና ሕጉ አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም ይጠቅሳል፣ ዝርዝሩንም ለሌላ ሕግ ይተወዋል፤ ማንም አንብቦ ሊያረጋግጠው ይችላል። ተኩስ ማን አዘዘ ለሚለው የትእዛዝ ሰነድና በመሐላ የተሰጠ ቃል ያስፈልጋል። ስንት ሰው ሞተ የሚለው ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያወዛግብ ነው፤ ሳይንስም ብዙ የሚለው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኞቻችን አንድን ቁጥር የምናምነው ደጋግመን ስለሰማነው ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ሐሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች እውነትም ሐሰትም የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን በየሁለት ሳምንቱ ያሰሟቸው ነበር። ተደጋግመው የተሰሙት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሐሰት የሆኑትም ጭምር፣ ይበልጥ እውነት መሰሏቸው። አንድ ሰው አምቦ ላይ ያየውን በስልክ ለዘመዱ ቢነግር፣ ዘመዱ ፌስቡክ ላይ ቢጽፈው፣ ውጭ አገር ያለ ቴሌቪዥን ቢያነበው፣ ከዚያም ወሬው ተመልሶ አምቦ ቢገባ፣ ሰሚው አራት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል። ያየው ግን አንድ ሰው ነው። የመንግሥት መግለጫም እንዲሁ ነው፤ በራዲዮ፣ በጋዜጣና በቀበሌ ስብሰባ ሲነገር ሦስት ማስረጃ አይሆንም። አፎቹን መቁጠር ትተን ወሬው ከማን እንደተነሳ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ምንጮቹ በእርግጥ የተለያዩ ከሆኑ የሟቾቹን ብዛት በሂሳብ መገመት የሚቻልበት መንገድ አለ። ዘዴው ቀድሞ ጥቅም ላይ የዋለው የዓሣና የዳክዬ ብዛት ለመገመት ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በአንዲት ከተማ ስለሞቱ ሰዎች ሁለት የስም ዝርዝር አለ እንበል። አንዱ 60፣ ሌላው 50 ስም ይዟል፤ 30ዎቹ ስሞች በሁለቱም ላይ ይገኛሉ። ከሁለተኛው ዝርዝር 50 ሰዎች መካከል የመጀመሪያው 30ውን አግኝቷቸዋል፤ ይህም ከአምስቱ ሦስቱን ማለት ነው። ከጠቅላላውም ከአምስት ሦስቱን መዝግቦ ከሆነ፣ 60 የጠቅላላው ሦስት አምስተኛ ነው፤ ጠቅላላው 100 ይሆናል። ሁለቱን ዝርዝሮች አንድ ላይ ብናደርግ የምናገኘው 80 ስም ነው። የቀሩት 20 ማንም ያልመዘገባቸው ናቸው።

ሂሳቡ የሚሠራው ዝርዝሮቹ እርስ በርስ ካልተገለበጡ ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ቀድቶ ከሆነ የጋራ ስሞቹ ይበዙና ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል። አንዱ ሆስፒታል ደርሰው የሞቱትን ብቻ፣ ሌላው መንገድ ላይ የቀሩትን ብቻ ከያዘ ደግሞ የጋራ ስም ይጠፋና ግምቱ ያብጣል። ባለሙያዎች ሦስት፣ አራትና ከዚያ በላይ ዝርዝር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። የፔሩ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2003 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ከ1980 እስከ 2000 የሞቱትንና የጠፉትን 69,280 ብሎ ገመተ፤ በስም ይታወቁ የነበሩት ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲልቪዮ ሬንዶን የተባለ ተመራማሪ ያንኑ መረጃ እንደገና አስልቶ 48,000 አካባቢ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ሊካሄድ የቻለው መረጃውና ስሌቱ በሌላ ሰው እጅ ሊፈተሽ የሚችል ስለነበረ ነው።

በዚህ ዓይን ወደ ሰኔ 2008 እንመለስ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ125 በላይ ሰዎችን አነጋግሬያለሁ፣ ከ300 በላይ ሟቾችንም በስም ለይቻለሁ ብሏል። ድርጅቱ በአገር ውስጥ እንደ ልቡ ተዘዋውሮ መመርመር አይችልም ነበር፤ ይህ ድክመቱ ነው። ኮሚሽኑ በተቃራኒው ቦታው ድረስ መሄድ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ልጁ በመንግሥት ጥይት የተገደለበት አባት ለመንግሥት ተቋም ምን ያህል አፉን ይከፍታል? እኔ ይበልጥ የማምነው ስም የያዘውን ዝርዝር ነው። ስም ካለ ቤተሰብ አለ፣ ቀብር አለ፤ ሐሰት ከሆነም ሐሰትነቱ ይጋለጣል። ባዶ ቁጥርን ግን ማንም ሄዶ ሊጠይቀው አይችልም።

ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ይኸው ኮሚሽን በ2009 ዓ.ም. 669 ሰዎች መሞታቸውን ሪፖርት አድርጓል። ይህ ግን በ2008 ክረምትና በ2009 መባቻ በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ ክልሎች ስለሞቱት ነው። 173ቱንና 669ኙን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ኮሚሽኑ ቃሉን ለወጠ» የሚል ሰው፣ ጊዜውም ቦታውም የተለያየ መሆኑን አላየም።

አንድን ዘገባ ሲያገኙ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ከመመርመር በፊት ሌሎች ስለ ጸሐፊው የሚሉትን መፈለግ እንደሚበልጥም በጥናት ታይቷል። የስታንፎርዶቹ ዋይንበርግና ማክግሩ 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የመረጃ አጣሪዎችንና 25 ተማሪዎችን ሲያወዳድሩ፣ በፍጥነትም በትክክልም የቀደሙት አጣሪዎቹ ነበሩ። ከገጹ ወዲያው ወጥተው ሌላ ቦታ ስለሚጠይቁ ነው። ኔትወርክ ሲዘጋ ወይም ጣቢያ ሲታገድ ይህ መንገድ አብሮ ይዘጋል። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን ከውጭ አገር የሚያሰራጩ ጣቢያዎች መከታተል ተከልክሎ ነበር። ሁለቱም ጣቢያዎች ወገንተኝነት አልነበረባቸውም አልልም፤ ግን ከመንግሥት መግለጫ ጎን ለጎን የሚመዘን ድምፅ ሲጠፋ፣ መግለጫው ራሱ እውነት በተናገረበት ቀን እንኳ የሚያምነው ያጣል።

በዚያ ዘመን አገራችን የሞት ምዝገባ እንኳ አልነበራትም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ሆኖም ሞት ያለ አሻራ አይቀርም። የአምቦ ሆስፒታል መዝገብ አለ፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች የቀብር ቦታ አለ፣ ከሁሉም በላይ ለድንኳንና ለገንዘብ ሲል ሟቹን በስም የሚጽፍ የእድር መዝገብ አለ። ሦስቱ አሻራዎች የተቀመጡት በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያየ ጉዳይ ነው፤ ሂሳቡ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ መዝገቦች ጥቂት ርቀት ላይ ነው። የስታቲስቲክስና የታሪክ ክፍሎቹ ከሆለታ እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች የእድር ዳኞችን ይዘው፣ በቤተሰብ ፈቃድ፣ ስም ከስም ሊያመሳክሩ ይችላሉ። በ2006 ዓ.ም. ልጆቻቸውን የቀበሩት እናቶች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሥራው እነሱ ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።