የነፋስ መኪና ከመተከሉ በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በአውድማ ላይ ገለባውን ከፍሬው የሚለየው ነፋስ በዚህ ዘመን የኤሌክትሪክ ኀይል ማውጫ ሆኗል። በረጅም ግንድ ላይ ሦስት ክንፍ ያላቸው 34 መኪናዎች በአዳማ አጠገብ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 84 መኪናዎች በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዳማ ሌሎች 102 ተጨመሩ። ወንዝ በሚጐድልበት በበጋ ነፋስ ስለሚበረታ፥ ሥራው ለአገር ጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የወጣው ለዚሁ ነው። ምርመራ ያስፈልገዋል የተባለ ሥራ ሳይመረመርና ሳይፈቀድ አይጀመርም፤ ጥናቱም ለሕዝብ ተገልጾ፥ በተለይ የሥፍራው ነዋሪ አሳቡን ይጠየቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥልቅ ምርመራ የሚሻው የጥንብ አንሳ ነገር ነው። ይህ ወፍ ክንፉን እያራገበ ሩቅ አይሄድም፤ ከገደል አፋፍ ተገፍቶ ወደ ላይ በሚወጣው ነፋስ ተንሳፎ ይጓዛል እንጂ። መሐንዲሱም ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ያንኑ አፋፍ ነው። ያን የሚያህል መኪና እንዴት ሳያይ ይቀራል ቢሉ፥ በድን ለመፈለግ ራሱን ወደ ምድር አቀርቅሮ ስለሚበር፥ በዓይኑ አቀማመጥ ምክንያት በፊቱ ያለው ይሰወርበታል። በአንድ የመራቢያ ወራት ብዙውን ጊዜ አንድ ዕንቍላል ብቻ ስለሚጥልም፥ የሞተው ቶሎ አይተካም። በህንድ አገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለከብት በሚሰጥ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሳ ባለቀ ጊዜ በድኑ ለውሾች ቀረ፤ ውሾችም በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም ጨመረ።

በአንድ ቀን ጉብኝት የሚጻፍ ምርመራ ከንቱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮች በባብ ኤል መንደብ ተሻግረው ወደ አፍሪካ ስለሚገቡ፥ በሐምሌ ብቻ የቈጠረ ሰው አያገኛቸውም። ስለዚህ ቈጠራው ዓመቱን ሙሉ ይደረጋል፤ ወፎቹ የሚበሩበት ከፍታም ይጻፋል። መኪናው ከተተከለ በኋላ ከግንዱ ሥር የወደቀው ወፍና የሌሊት ወፍ ይለቀማል። ዳሩ ግን ጅብና ቀበሮ ሌሊቱን ስለሚያነሡት፥ የተገኘው ከሞተው ያንሳል፤ ይህን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። መርማሪዎቹም የሞተ ወፍ በታወቀ ሥፍራ አኑረው በስንት ቀን እንደሚጠፋ በማየት የጐደለውን ይገምታሉ።

መድኃኒቱም አልታጣም። በስፔን በታሪፋ አጠገብ ጠባቂ ቆሞ ጥንብ አንሳ ሲቀርብ መኪናው እንዲቆም በተደረገ ጊዜ የሚሞቱት በግማሽ ያህል ቀነሱ፤ ከኀይሉ የጠፋው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ነፋስ በሚደክምበት ሌሊት ማቆምም ነፍሳት የሚበሉትን የሌሊት ወፎች ያድናል።

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ተራሮች እንዲህ ያለ ሥራ ቢታሰብ፥ ሽማግሌዎች የሚያውቁት በመርማሪው መዝገብ ሊገባ ይገባል፤ ይኸውም ጥንብ አንሳ የሚያድርበት ገደል፥ መንገድ ሲቈረጥ ሊደፈን የሚችል ምንጭ፥ የሞተ ፈረስና ከብት የሚጣልበት ሥፍራ ነው። በድኑ ከመኪናው አጠገብ ከተጣለ ወፉን ለሞት መጥራት ይሆናልና። አስተማሪም ከተማሪዎቹ ጋር ከአንድ ኰረብታ ላይ ሆኖ በየሳምንቱ የሚያልፉትን ትልልቅ ወፎች ከቀኑና ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር በደብተር ቢጽፍ፥ መርማሪው ሲመጣ ከመኪናው በፊት የነበረውን ቍጥር ከዚያ ያገኛል። ክንፉ መዞር ከጀመረ በኋላ ግን ያንን ቍጥር ማንም ሊቈጥረው አይችልም።