ምዕራፍ አራት፦ መቅረቱን የሚያይ ሰው

አንድ ተማሪ ትምህርቱን አቋረጠ የሚባለው ስሙ ከመዝገብ ሲወጣ ነው፤ ማቋረጥ የጀመረው ግን ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰኞ ይቀራል። ያመለጠው ትምህርት ስለማይገባው ክፍል መግባቱ ያሳፍረዋል፤ ስላፈረም እንደገና ይቀራል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሌይን አለንስዎርዝና ጆን ኢስተን እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን አዝጋሚ መንሸራተት የሚለካ ነገር አደረጉት። በዘጠነኛ ክፍል፣ ማለትም በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሚጀመርበት ዓመት፣ ወደ አሥረኛ የሚያሻግረውን ክሬዲት ያሟላና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ የሴሚስተር ኤፍ (የመውደቂያ ነጥብ) በላይ ያላገኘ ተማሪ መስመር ላይ ነው ተባለ። እንዲህ ያለው ልጅ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድሉ መስመር ከሳተው ልጅ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው ግኝት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፦ ከፍተኛ የፈተና ውጤት ይዞ ገብቶ በሴሚስተር ሁለት ሳምንት የሚቀር ተማሪ፣ በዝቅተኛ ውጤት ገብቶ አንድ ሳምንት ብቻ ከሚቀረው ይልቅ የመውደቅ ዕድሉ ይሰፋል። ብዙዎቻችን የወደቀን ልጅ ሰነፍ ወይም ደካማ ብለን ለመፈረጅ እንቸኩላለን። ቁጥሮቹ ግን ልጁ ከክፍል መጥፋት የጀመረበትን ሳምንት እንድንፈልግ ያስገድዱናል።

በትምህርት ቤት የሚመደብ መካሪ፣ ብዙዎች ሜንተር የሚሉት፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጥቅሙም ከደግነቱ ይልቅ ከክትትሉ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ቼክ ኤንድ ኮኔክት የተባለ አሠራር እንይ። መካሪው የልጁን የቀሪ መዝገብ፣ ጠባይና ውጤት ያለማቋረጥ ያያል፤ ያየውን ይዞም ልጁን ያነጋግራል፣ ለወላጅ ይደውላል፣ ከመምህራኑ ጋር ይመክራል። ኃላፊነቱን የሚቀበለው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ የመማር ወይም የስሜትና የጠባይ ችግር ያለባቸው 94 ተማሪዎች ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ሁሉም ከመካሪ ጋር አሳለፉ፤ ከዚያ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ዘጠነኛ ክፍልም መካሪያቸው አልተለያቸውም፤ ለሌሎቹ እርዳታው ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 9 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ ግን 30 በመቶ የሚሆኑት ትምህርታቸውን አቋርጠው ነበር። ሁለቱም ወገን ምክር ጠግቦ ነበር እኮ! የለያያቸው በዚያ አስቸጋሪ ዓመት የሚከታተላቸው ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ መካሪ በተመደበበት ሁሉ ለውጥ መታየት ነበረበት የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የመደበላቸው የመካሪነት ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ተመርምረው በጥቅሉ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘባቸውም። ውጤቱን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም፤ ነገር ግን በዚያ ጥናት የመካሪውና የተማሪው ግንኙነት በአማካይ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በተባለው ድርጅት መካሪ ባገኙ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ግንኙነት ይበልጥ እንደሚጠቅም፣ ሦስት ወር ሳይሞላው የተቋረጠው ግን ልጁ ለራሱ ያለውን ግምት ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ብዙ ሰው ጥሎት የሄደ ልጅ ዘንድ ቀርቦ ወዲያው መጥፋት ቁስል መጨመር ነው። ስለዚህ ጊዜ የሌለው በጎ ፈቃደኛ ከመጀመሪያው ባይገባበት ይሻላል። ሆኖም የግንኙነቱ ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ቼክ ኤንድ ኮኔክት ራሱ በመደበኛ ክፍል ለሚማሩ ተማሪዎች ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ የመመረቅ ለውጥ ያላመጣበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እንደ እኔ አመለካከት መካሪ የሚያየው ችግር መፍትሔ የሚያገኘው ትምህርት ቤቱ ማካካሻ ትምህርት፣ አስጠኚና የሚሰማ መምህር ሲኖረው ነው። የቀሪ መዝገቡን ዓይቶ የሚያደርገው ነገር ያጣ መካሪ ምን ይፈይዳል?

ሌላው ተቃውሞ እንዲህ ያለ ክትትል ሲጀመር ትምህርት ቤቶች መስመር ላይ ያሉትን ተማሪዎች ቁጥር ለማሳመር ነጥብ ያላላሉ የሚል ነው። በቺካጎ መምህራን የየተማሪውን መረጃ በየጊዜው እያዩ መነጋገር ከጀመሩ በኋላ መስመር ላይ ያሉ ዘጠነኛ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከነበረው 57 በመቶ በ2013 ወደ 82 በመቶ ስላደጉ ጥርጣሬው የሚጠበቅ ነው። ነጥብ በማላላት ብቻ የመጣ ለውጥ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ላይ በወደቁ ነበር። ቀድመው የተሻሻሉት ትምህርት ቤቶች ሲታዩ ግን መሻሻሉ በቀጣዮቹ ክፍሎችም ዘልቆ የተመራቂዎቹ ቁጥር አድጓል። ቀንና ሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች፣ በአሜሪካ ያሉትን የእኛን ሰዎች ጨምሮ፣ ከዚህ ተነሥተው ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላሉ፦ የልጄን መቅረት በየሳምንቱ በስም የሚያየው ማነው? ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመትስ ከልጄ ጋር ይኖራል?