በኮምፒውተር ውስጥ የሚነድ ቤንዚን

በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ያስነሳል። ካንዴላው ብልጭ ካለ በኋላ ነዳጁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ የጋዙ ሙቀት ግን ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ቴስታታውን በስቶ የግፊት መለኪያ ማስገባት ይቻላል። መለኪያው ግን ነበልባሉ በየት በኩል እንደሮጠ፣ የት ላይ እንደዘገየ አይናገርም። መሐንዲሶች ይህን ክፍተት የሚሞሉት በስሌት ነው።

ቱርቦ ሲጨመር ስሌቱ ይከብዳል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ፣ በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ጭስ ተርባይን እንዲያዞር፣ ተርባይኑም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ እንዲገፋ ማድረግ ነው። የዛሬ ትንንሽ ቱርቦዎች በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ይዞራሉ። ጥቅሙ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ግልጽ ነው፦ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይደክማል። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን ይሞላል፤ ግን ይበልጥ ፈጥኖ እየዞረ ነው።

ጣጣው መንኳኳት ነው። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ ድንገት በራሱ ይነዳል፣ ፒስተኑንም ሊጎዳ ይችላል። የጄኔራል ሞተርስ ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ባለ ቱርቦ ጄትፋየር መኪና ላይ መላ ያለው ውሃና ሜታኖል ወደ ሞተሩ መርጨት ነበር። ባለመኪናው ፈሳሹን በየጊዜው መሙላት ነበረበት። መኪናው ከሁለት ዓመት በላይ አልተመረተም፤ አያስገርምም።

ዛሬ መንኳኳቱ አስቀድሞ በኮምፒውተር ይገመታል። ፈጣኑ መንገድ ቱቦዎቹን በርዝመታቸው ከፋፍሎ የአየሩን ፍሰት ማስላት ነው። እዚህ ላይ ነበልባሉ አይሰላም፤ ከነዳጁ ምን ያህሉ መቼ እንደነደደ የሶቪየቱ ሊቅ ኢቫን ቪቤ ባወጣው ቀመር ይተካል። ነጂው ቤንዚን ሲረግጥ ቱርቦው ምን ያህል እንደሚዘገይ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ነበልባሉን ራሱን ማየት የፈለገ ሲሊንደሩን በሺዎች ወይም በሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፍላል። የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጀው ኪቫ የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ፈር ቀዷል። ኬሚስትሪው ግን ይበረታል። ቤንዚን የብዙ መቶ ውህዶች ቅልቅል ስለሆነ በአይሶኦክቴንና በሄፕቴን ይወከላል። ያም ሆኖ ሌላው የአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሎረንስ ሊቨርሞር ተመራማሪዎች ለአይሶኦክቴን ብቻ ያወጡት ዝርዝር ከ800 በላይ ኬሚካሎችና ከ3,000 በላይ አፀግብሮቶች አሉት። ሁሉን ላስላ ያለ ሲጠብቅ ይከርማል። የባለሙያው ችሎታ የሚለየው የቱን መተው እንዳለበት በማወቁ ነው።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ተከታትለው የሚነሱ ሁለት እሳቶች አይመሳሰሉም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይጎተታል። በአማካይ የማያንኳኳ ሞተር ፈጥኖ በነደደው ዙር ሊያንኳኳ ይችላል። አንድ ዙር አስልቶ «ደህና ነው» ያለ ተሳስቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከእውነተኛ ሞተር በተወሰደ የግፊት መረጃ እየተገራ ይሠራል። መኪናው ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የጭስ ፈቃድ የሚያገኘውም በመሣሪያ በተለካ ጭስ ነው።