የመልሶ ማቋቋሚያው ብር የሚዘገይበት ምክንያት

ስሜንም መሥሪያ ቤቴንም አትጠይቁኝ። የምነግራችሁን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የአደጋ ገንዘብ ሁልጊዜ በሌባ አይጠፋም፤ ብዙውን የሚበላው የበጀት ዘመኑ ነው።

የጎፋውን ናዳ አስታውሱ። በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳው የደረሰው ሐምሌ 2016 አጋማሽ ላይ ነው። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶችም ሌላ ናዳ መጣባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ15,000 በላይ ነዋሪ ከአካባቢው መነሳት አለበት ብሎ ነበር። የበጀት ዓመቱ ከተከፈተ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጎርፍና ናዳ ክረምትን ነው የሚጠብቁት፤ ያኔ ደግሞ አዲሱ በጀት ገና ስላልደረሰ ወረዳ እጅ ላይ ብር የለም።

ቀጥሎ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ስለ ጎፋ አይደለም፣ ስለ አሠራሩ ነው። ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ቶሎ ይደርሳል፤ ካሜራም አብሮት ይደርሳል። በሬው፣ ዘሩና ቤቱ ግን ሌላ ፋይል ውስጥ ይገባሉ። ኮሚቴ ጥናት ያቀርባል፣ ጥናቱ ይታረማል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ጨረታው ተሰርዞ እንደገና ይወጣል። የዘር ግዢው ሲጸድቅ በልጉ አልፏል። ግንቦት ላይ ከበላይ ይደወላል፦ «አፈጻጸማችሁ ዝቅተኛ ነው። ሰኔ 30 ሳይደርስ ካልጨረሳችሁ ተመላሽ ይሆናል።» ያን ጊዜ ሥልጠናው፣ የአዳራሽ ኪራዩ፣ የመስክ አበሉና የመኪና ጎማው ይከተላል። ደረሰኙ የተሟላ ስለሆነ ኦዲተርም የሚይዘው ነገር የለም። በሪፖርቱ የሚቆጠረው የወጣው ብር እንጂ ያረሰው ገበሬ አይደለም።

እኛ ሻይ ላይ ስንገናኝ የምንለው ይህ ነው። በየወረዳው ሰኔ 30 የማይነካው፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚሻገር መጠባበቂያ ይቀመጥ። በሬና ዘር ገበያ ላይ ካለ፣ ብሩ በቀጥታ ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ ለአባወራና ለእማወራ ገንዘብ ሲያድል ኖሯል፣ ልምዱ አለ። በሬ በመምረጥ ደግሞ ገበሬው ከኮሚቴ ይበልጣል። ገበያው ባዶ ከሆነ ግን ብር ዋጋ ከማናር በቀር አይፈይድም፤ ያኔ ዘሩ ራሱ ይጫን። የተረጂዎች ስም ዝርዝር ክፍያ ሳይጀመር ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የማን ቤት እንደፈረሰና ማን ሳይፈርስበት እንዳስመዘገበ ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ከመጠባበቂያው ከፊሉም ገደል ሥር ያሉትን ዝናቡ ሳይመጣ ለማንሳት ይዋል።

ይህን ሁሉ አለቆቻችን ያውቁታል። ለምን አይደረግም ካላችሁ፣ ለቤተሰቡ በቀጥታ የሚገባ ብር አበል የለውም፣ ሪባን የሚቆረጥለት ምረቃም የለውም። ስለዚህ በጀት ሲደለደል አንድም ሰው እጁን አውጥቶ አይከራከርለትም።