ፖሊሚክሲን ከባክቴሪያ ሽፋን ጋራ ስለሚጣበቅበት የኃይል ሕግ

አንድ መድኃኒት ባክቴሪያን ለመግደል አስቀድሞ ሊይዘው ይገባል። አያያዙንም የሚወስነው የሙቀትና የኃይል ሕግ፣ ማለት ቴርሞዳይናሚክስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 የታወቀውን ፖሊሚክሲንን ምሳሌ አድርገን ነገሩን ባጭሩ እንገልጻለን።

እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች በውጭ ሽፋናቸው ላይ ሊፒድ ኤ የተባለ ቅባት አላቸው። በእርሱ ላይ ያሉት ፎስፌቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሆኑ እንዳይገፋፉ የማግኔዝየምና የካልስየም አዮኖች በመካከላቸው ገብተው ያያይዟቸዋል። ፖሊሚክሲን ቢ ግን አምስት ፖዚቲቭ ቻርጆችና አንድ የቅባት ጅራት አለው። በቻርጆቹ አዮኖቹን አስለቅቆ ቦታቸውን ይይዛል፤ በጅራቱም ወደ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ይላላል፤ ባክቴሪያውም ይሞታል።

መጣበቅ በራሱ የሚከናወነው ነጻው ኃይል ሲቀንስ ነው። ይህም ሁለት ነገሮችን ይመለከታል፤ አንደኛው የሚወጣው ወይም የሚገባው ሙቀት፣ ሁለተኛው ኤንትሮፒ ነው። መጣበቅ ሁልጊዜ ሙቀት የሚያወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን በካሎሪሜትር ሲለካ ቅባቱ በረጋበት ዝቅተኛ ሙቀት ፖሊሚክሲን ሲጣበቅ ሙቀት ይወስዳል፤ ቅባቱ ከቀለጠ በኋላ ግን ሙቀት ያወጣል። አሞንየም ክሎራይድ በውሃ ሲሟሟ ብርጭቆውን እንደሚያቀዘቅዝ ሁላችን በላቦራቶሪ አይተናል። እርሱ ሙቀት እየወሰደም የሚሟሟው ኤንትሮፒ ስለሚጨምር ነው። በፖሊሚክሲንም እንዲሁ፣ በጅራቱ ዙሪያ ተሰልፈው የነበሩት የውሃ ሞለኪውሎችና ከቦታቸው የተነሡት አዮኖች ነጻ ሲወጡ ኤንትሮፒ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ በቍጥር እንመልከተው። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመጣበቁ ጥንካሬ ወደ አንድ አሥረኛው ዝቅ እንዲል የሚበቃው የነጻ ኃይል ለውጥ በሞል 5.9 ኪሎጁል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ለማምለጥ ሽፋኑን በሙሉ መለወጥ አያስፈልገውም። በ2015 ከቻይና የተገለጸው ኤም.ሲ.አር.-1 የተባለው ጂን የሚያደርገው ይኸው ነው፤ በሊፒድ ኤ ፎስፌት ላይ ፎስፎኤታኖላሚን ጨምሮ ኔጌቲቭ ቻርጁን ይቀንሳል። ጂኑም በፕላዝሚድ ላይ ስላለ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ፖሊሚክሲኖች ኵላሊትን ስለሚጎዱ በአንድ ወቅት ተትተው ነበር፤ ሌሎች መድኃኒቶች ሲሸነፉ ግን እንደ መጨረሻ መጠጊያ ተመለሱ። እንግዲህ ይህን መጠጊያ የሚጠብቀው ወይም የሚያሳጣው ጥቂት ኪሎጁል መሆኑን ካወቅን፣ አዲስ መድኃኒት የሚሠራ ኬሚስት ሙቀቱንም ኤንትሮፒውንም አብሮ መቍጠር፣ ሐኪሙም ያለውን መድኃኒት በቁጠባ ማዘዝ እንዳለበት ግልጽ ነው።