ከደም ሐረግ ባሻገር፦ የኢሳ ጎሳ ትውልድና ያልተጻፈው ሕጉ

በሲቲ ዞን የግጦሽ መስክ ሁለት የማይተዋወቁ አርብቶ አደሮች ሲገናኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው ዋና ጥያቄ «ከየት መጣህ?» የሚል ሳይሆን «የማን ወገን ነህ?» የሚል ነው። ተጠያቂው ከአባቱ ጀምሮ አያቱንና ቅድመ አያቱን እየጠራ ወደ ላይ ይቆጥራል። ቆጠራው ከአንድ የጋራ አባት ሲደርስ ሁለቱ ዝምድናቸውን ይረዳሉ። ይህ የትውልድ ቆጠራ በሶማሊኛ «አብቲርሲ» ይባላል፤ ልጆችም ከለጋነታቸው ጀምረው በቃል ያጠኑታል።

የኢሳ ጎሳ በሦስት አገሮች ይኖራል። በኢትዮጵያ በሲቲ ዞንና በድሬዳዋ፣ በጅቡቲ፣ እንዲሁም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ በጥንታዊቷ የዘይላ ወደብ ዙሪያ ይገኛል። በቃል በሚተላለፈው የትውልድ ሐረግ መሠረት ኢሳ የማዶቤ ልጅ፣ ማዶቤም የዲር ልጅ ነው። ጎረቤቶቹ ገደቡርሲ፣ ጉርጉራና አኪሾም ሐረጋቸውን ወደዚሁ ወደ ዲር ይመዝዛሉ።

ይሁን እንጂ ኢሳን ኢሳ ያሰኘው የአንድ አባት ልጅነት ብቻ አይደለም። ትውፊቱ እንደሚለው ጎሳው የስድስት ቤቶች ስብስብ ነው። ሦስቱ ከኢሳ አብራክ እንደተገኙ ሲነገር፣ ሦስቱ ደግሞ በቃል ኪዳን እንደተቀላቀሉ ይወሳል። ስድስቱን ያስተሳሰራቸው ሁሉም እኩል የሚገዙለት ሕግ ነው። ይህ ያልተጻፈ ሕግ «ሄር ኢሴ» ይባላል። ዋና መርሑም በኢሳዎች መካከል የበላይና የበታች የለም የሚል ነው።

የሄር ኢሴ ሸንጎ ከዛፍ ጥላ ሥር ይሰየማል። በላዩ 44 አባላት ያሉት ጉባኤ አለ። ከጉባኤው ጋር የኢሳዎች መንፈሳዊ አባት የሆነው ኡጋዝ ይገኛል። ኡጋዙ የሚመረጠው ወርዲቅ ከተባለው ቤት ነው፤ ይህ ቤት ደግሞ በቃል ኪዳን ከተቀላቀሉት አንዱ ነው። ከፍተኛው ክብር ከደም ልጆች ይልቅ ለተቀላቀለው ወገን መሰጠቱ፣ ቃል ኪዳኑ ምን ያህል እንደሚከበር ያስረዳል። ኡጋዙ ይመርቃል፣ ያስታርቃል፤ ከሕጉ ውጪ ግን በራሱ ፈቃድ አያዝዝም።

የዘር ሐረጉ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ችግር በደረሰ ጊዜ ነው። በውኃ ጉድጓድ ዳር በተነሣ ጠብ ሰው ቢሞት፣ ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን በቅርብ ሐረግ የሚዛመደው ወገኑ በሙሉ ነው። በሶማሌዎች ዘንድ በተለመደው ሥርዓት የወንድ የደም ካሳ 100 ግመል፣ የሴት 50 ግመል ነው። ይህን ያህል ከብት አንድ አባወራ ብቻውን ሊያወጣ ስለማይችል፣ እያንዳንዱ ዘመድ የሌላውን እጅ ለመያዝ ይገደዳል። በአንጻሩ ሥርዓቱ ጥያቄ የሚነሣበት ጎን አለው። ያላጠፋ ሰው ከአጥፊው ጋር ይከፍላል፤ የሴት ደም በግማሽ ይተመናል፤ የሸንጎው ወንበርም በልማድ የወንዶች ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በባሕላዊ ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው።

የኢሳ ምድር ከጥንት ጀምሮ ባሕሩን ከደጋው የሚያገናኝ የንግድ መተላለፊያ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ በኢሳዎች አገር አልፏል። በዚያ ዘመን እንግዳ ሰው በሰላም ለማለፍ «አባን» የሚባል፣ ከአገሬው የሆነ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ይህን ምድር አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን የግመል ቅፍለቱ ሥራ ቀነሰ፤ ብዙ አርብቶ አደሮችም ወደ ከተማ ኑሮ ተሳቡ። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን ከዚሁ ጎሳ ነበሩ። ተተኪያቸው ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ደግሞ የድሬዳዋ ተወላጅ ናቸው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሄር ኢሴን በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሆኖም በቃል የኖረ ሕግ ዕድሜው በሚያውቁት ሰዎች ዕድሜ ይወሰናል። ድርቅ መንጋውን ሲጨርስና ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ ከሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጦ የሚማረው ይቀንሳል።

ለእኛ ለጎረቤቶቹም ጉዳዩ ቅርባችን ነው። በገበያ ከብት የምንሻሻጥ፣ በአንድ ውኃ የምንጠቀም ሕዝቦች ነን። የጎሳ ስም የሚነሣው ግጭት ሲደርስ ብቻ ከሆነ፣ ግጭቱን ለማብረድ የኖረው ሥርዓት ይረሳል። የኢሳዎች ታሪክ ግን ሰዎች በቃል ኪዳንም ወገን መሆን እንደሚችሉ ያስተምራል።