የፋራስ ግድግዳና የካርቱም በረዶ

ተመልካቹ እጁን የሚያሳርፍበትን፣ በእርምጃው ወይም በድምፁ የሚቀሰቅሰውን ኢንስታሌሽን በአደራ ለሚጠብቅ የሙዚየም ባለሙያ፣ ሠዓሊው ተመልሶ መጥቶ ሥራውን ሊያድስ የተነሣ ዕለት ከሚደርስበት ጭንቅ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ሠዓሊው በሥራ ቤቱ ያላየውን በአዳራሹ ያየዋል፤ በቀስታ ይነካል ብሎ የዘረጋውን ገመድ ሕፃናት ይጎትቱታል፣ ሽማግሌዎች ደግሞ ፈቃድ እንደሚጠብቅ እንግዳ ከሩቅ ይቆማሉ፤ ስለዚህም ገመዱን ያጠነክራል፣ መብራቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንድ ጊዜም እኩሌታውን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። ይህ መብቱ ነው። ነገር ግን አዲሱ መልክ ሲቆም የቀደመው ወዴት ይሄዳል?

ይህን ሳስብ ዘወትር ወደ ልቤ የምትመጣው ካርቱም ናት። የአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ በኖባ ምድር የነበረውን የፋራስን ካቴድራል ሳይውጠው፣ የፖላንዱ ሊቅ ካዚሚዬዥ ሚካሎቭስኪ ከባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1964 ባደረገው ቁፋሮ ከ120 የሚበልጡ የግድግዳ ሥዕሎች ከአሸዋው ውስጥ ተገኙ፤ ከፊሎቹ ወደ ዋርሶ ተሻገሩ፣ ሌሎቹ በ1971 ለተከፈተው ለካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ደረሱ፤ ከእነዚህም መካከል የእኛ ምእመን ማንም ሳይነግረው የሚያውቃቸው ሠለስቱ ደቂቅ፣ በእቶነ እሳት መካከል በመልአኩ ጥላ ሥር ቆመው ይገኙ ነበር። የኖባ ሠዓልያን ከስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወደዚያው ግድግዳ በየዘመኑ እየተመለሱ፣ የቀደመውን በልስን ሸፍነው በላዩ ሌላ ይሥሉ ነበርና፣ አንሺዎቹ ድርቡን በጥንቃቄ ለይተው ባነሡበት ቦታ ሁሉ የታችኛውም የላይኛውም በየራሱ ተረፈ።

በዚያችው ከተማ ግን ምንም ቅሪት ያልተወ ሥራ ደግሞ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1976 ካማላ ኢብራሂም ኢስሐቅ፣ መሐመድ ሐሚድ ሸዳድና ጓደኞቻቸው ክሪስታሊስት በሚል ስም፣ ዓለም ግርዶሽ የሌላት ጥልቀቷም የማያልቅ ግልጽ ክሪስታል ናት የሚል መግለጫ አወጡ፤ ይህም የቀደሙት የካርቱም ሠዓልያን በአረብ ጽሕፈትና በአፍሪካ ጌጥ ላይ ያኖሩትን ተስፋ የሚፈታተን ነበር። ሸዳድም በ1978 የሚቀልጡ የበረዶ ግንዶችን ከምሮ፣ ባለ ቀለም ውኃ የሞሉ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ከረጢቶችን በዙሪያቸው አኖረ። በካርቱም ሙቀት በረዶ ከምሮ ማሳየት ራሱ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ያን ሥራ ዳግም ሊያቆም የሚሻ ሰው ሌላ በረዶ ማምጣቱ ግድ ነው፤ ሌላ በረዶ መሆኑም ሥራውን ሐሰተኛ አያሰኘውም፣ ህላዌው በሠዓሊው ሥርዓትና በተመልካቹ ፊት በሚያልፈው ጊዜ ላይ የቆመ ነበርና። የሚያስጨንቀኝ ሥርዓቱ ነው፤ ግንዱ ምን ያህል ነበር፣ ከረጢቶቹ በምን ያህል ርቀት ተቀመጡ፣ ወለሉ ላይ የወረደው ውኃ ይጠረግ ነበር ወይስ ይተው ነበር፣ እጁን የዘረጋ ተመልካችስ ይከለከል ነበርን?

ስለዚህ በእኔ ሥራ ሠዓሊው የመጀመሪያውን ብሎን ሳይፈታ አስቀድሜ አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ፤ የትኛው አካል ቢለወጥ ሥራው ያው እንደሆነ፣ የትኛው ቢለወጥ ሌላ እንደሚሆን በቃሉ ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። ሰዎች ሲጠቀሙበት በፊልም አስቀራለሁ፤ የወለቀውን ሽቦና ሴንሰር ከነስሙ በሣጥን አኖራለሁ። ብዙ ሠዓልያን ይህ ያሰለቻቸዋል፤ ሆኖም ልስኑን የሚለይ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲመጣ ከመመኘት ድርቡን ዛሬ መለየት ይቀላል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘርፏል፤ ሠዓልያኑም ወደ ካይሮ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ አዲስ አበባም ተበትነዋል፤ ተመልሰው የሚያድሱት ሥራ ቀርቶ የሚገቡበት አዳራሽ የጠፋባቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያ በረዶ ፊት የቆመ የሃያ ዓመት ተማሪ ዛሬ ሰባን ሊደፍን ቀርቧል። በአዲስ አበባ የምንገኝ የሙያው ሰዎች ከስደተኞቹ መካከል እንዲህ ያለውን ፈልገን፣ ስለ ግንዱ መጠንና ስለ ውኃው ቀለም፣ ሰዎቹ ከየት ወገን ቆመው ይመለከቱ እንደ ነበረም ጠይቀን፣ ቃሉን ጽፈን ልንቀበለው ይገባናል።